ብሩ ገብቷል፤ ዕቃው ግን አይውጣ

በቴሌግራም ትዕዛዝ እየተቀበለ በሞተር የሚልክ አንድ የአዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ 38,000 ብር የሚያወጣ ስልክ ታዘዘ። ደንበኛው የንግድ ባንክ ደረሰኝ በፎቶ ላከ። ሻጯ በፎቶ ብቻ ዕቃ አታወጣም፤ የሱቁን ሒሳብ ከፍታ አየች። ብሩ ሳንቲም ሳይጎድል ገብቷል። ሞተረኛውም በር ላይ ቆሟል።

ስልኩን ያስቀረው ደረሰኙ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። የክፍያው ምክንያት «የላፕቶፕ» ይላል። የከፋይዋ ስም የሴት ነው፤ ያዘዘው ወንድ። ሲጠየቅ «እህቴ ናት፣ ተሳስታ ነው የጻፈችው» አለ። የስልክ ቁጥሯን ስጠን ሲባል ግን «በቃ ሰርዙት፣ ብሩን በዚህ መልሱልኝ» ብሎ የቴሌብር ቁጥር ላከ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አጭበርባሪው የሱቁን ስምና ፎቶ ቀድቶ ሌላ ገጽ ከፍቷል። ቴሌግራም ላይ ስምና ፎቶ ማንም መቅዳት ይችላል፤ የማይደገመው በ@ የሚጀምረው መለያው ብቻ ነው፤ እሱም ትንሿ ኤል (l) በትልቋ አይ (I) ስትተካ በዓይን አይለይም። እዚያ ላይ ላፕቶፕ ከገበያ በታች በ38,000 ብር ለጠፈ። ገዢዋ ስትጠይቅ የሰጣት የራሱን ሳይሆን የእውነተኛውን ሱቅ የሒሳብ ቁጥር ነው። ስታስገባው የሱቁ ስም መጣላት፤ ልቧ አረፈና ከፈለች። በእሷ ብር እሱ ስልክ ወስዶ ይሰወራል፤ እሷ «ላፕቶፔን» ብላ ስትመጣ ከሱቁ ጋር ትፋጠጣለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ደረሰኝ አላቸው።

«የሒሳቡን ባለቤት ስም አረጋግጡ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አያድንም። ገዢ መደወል ያለበት ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከሱቁ ታፔላ ወይም ቀድሞ ከገዛ ሰው ባገኘው ነው፤ «ይህን ሞዴል በዚህ ዋጋ ትሸጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚሻለው ዕቃውን አይቶ መክፈል ነው። ስልክ ከሆነ *#06# ሲደወል የሚመጣው 15 አሃዝ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀድሞ መክፈል ግድ ከሆነ ምክንያቱ ላይ የዕቃውን ስምና ሞዴል ይጻፍ፤ ባዶ መተው ወይም «ክፍያ» ብሎ ማለፍ ለሌባው መንገድ መጥረግ ነው።

ሻጭ ደግሞ ያዘዘውን፣ የከፈለውንና የሚረከበውን ሰው ያመሳክር። ሦስቱ ካልገጠሙ ከፋዩን ራሱን በስልክ ሳያናግር ዕቃ አያውጣ። የደረሰኙን ቁጥርም ያንብብ፦ በንግድ ባንክ ዝውውር ከኤፍቲ (FT) ፊደላት ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች የፈረንጁን ዓመት፣ ተከታዮቹ ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። የቆየ ደረሰኝ እንደ አዲስ ሲላክ እዚህ ላይ ይያዛል።

ገንዘብ መመለስ ካለበት ወደ መጣበት ሒሳብ ብቻ ነው። ሱቁ ብሩን ለዚያ ቴሌብር ቁጥር ልኮ ቢሆን ኖሮ፣ ዕቃውን ያዳነ መስሎት ጥሬ ገንዘቡን ለአጭበርባሪው ማስረከቡ ነበር፤ ለገዢዋም ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ብሩን ሳይነካ አቆየው። ገዢዋ በማግስቱ ደረሰኟን ይዛ መጣች፤ የኤፍቲ ቁጥሩ ተመሳክሮ 38,000 ብሩ ወደ ራሷ ሒሳብ ተመለሰ። የሐሰተኛው ገጽ መለያና አጭበርባሪው የላከው የቴሌብር ቁጥር ለፖሊስ ተሰጠ።