የሚኒሶታ ታሪክ የት ተቀምጧል? ከሴንት ፖል እስከ ማንካቶ

ሚኒሶታ ግዛት ሆና አሜሪካን የተቀላቀለችው በ1858 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የታሪክ ማኅበሯ ግን የተመሠረተው በ1849፣ ገና ቴሪቶሪ፣ ማለትም ሙሉ ግዛት ያልሆነች የአሜሪካ ይዞታ ሳለች ነው። ያን ጊዜ ከነባሮቹ የዳኮታና የኦጂብዌ ሕዝቦች ውጭ የሚኖርባት ሰው አምስት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። የመጀመሪያው ጋዜጣዋም የታተመው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ማኅበሩ ከመጀመሪያው አንስቶ ጋዜጣ እየሰበሰበ አስቀምጧል። ሌላ ቦታ ተመራማሪ የሚንከራተትለት ወረቀት እዚህ በካርቶን ተደርድሮ የሚገኘው ሰብሳቢዎቹ ቀድመው ስለጀመሩ ነው። ጉዞዬን ከዚሁ ወረቀት ጀመርኩ።

የማኅበሩ የታሪክ ማዕከል በሴንት ፖል ኬሎግ ቡሌቫርድ ላይ፣ የግዛቱ ምክር ቤት በሚሰበሰብበት በካፒቶሉና በትልቁ ካቴድራል አቅራቢያ ይገኛል። በ1992 የተከፈተው ይህ ሕንፃ የተሠራው ከዚያው ከሚኒሶታ ምድር በወጣ ግራናይትና የኖራ ድንጋይ ነው። ሙዚየሙ ያስከፍላል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ግን ነፃ ነው። የግዛቱ መንግሥት መዛግብትም የሚጠበቁት እዚሁ ነው። የሥራ ቀኖቹ ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጡ ከመሄድ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ካታሎጉን ከቤት ሆኖ ማየትና የሚፈለገውን ሳጥን ቁጥር ጽፎ መሄድ ይጠቅማል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ግማሽ ቀኑ በፍለጋ ያልቅበታል።

ቦርሳና ካፖርት ሎከር ውስጥ ይቀራል። እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ እርሳስ፣ ላፕቶፕና ፍላሽ የሌለው ካሜራ ይፈቀዳል። ከሳጥኑ የሚወጣው አንድ ፎልደር ብቻ ሲሆን፣ በወጣበት ቦታ ምልክት ይገባል። በፎልደሩ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ቅደም ተከተላቸው የተዛባ ቢመስልም ማስተካከል ክልክል ነው። አንድ ደብዳቤ ከየትኛው ደረሰኝ ቀጥሎ እንደተቀመጠ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ዘመኑ የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው። ለወረቀት ጓንት አያስፈልግም፤ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ጓንት ያደረገ ጣት የወረቀቱን ጠርዝ በቅጡ ስለማይሰማው ይቀደዋል። ፎቶግራፍና ኔጋቲቭ ሲሆን ግን የናይትራይል ጓንት ግድ ነው፤ የጣት ቅባት ምስሉ ላይ አሻራ ሆኖ ይቀራል።

ሳጥኑ ራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። ግራጫ፣ አሲድ የሌለው ወፍራም ካርቶን ሲሆን ቁመቱ 26፣ ርዝመቱ 39፣ ውፍረቱ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ካርቶኑ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ተቀላቅሏል፤ ወረቀቱ እያረጀ ሲሄድ የሚያመነጨውን አሲድ ያ ዱቄት ያመክንለታል። ፎልደሮቹ ሳይታጨቁ፣ ሳይንጋደዱም ይቆማሉ። ሳጥኑ ካልሞላ ባዶው ቦታ በታጠፈ ካርቶን ይደገፋል፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ይጎብጥና በዚያው ይቀራል። ዝገት ወረቀት ስለሚበላ የብረት ክሊፖች ወጥተዋል። የጋዜጣ ቁራጭ ከደብዳቤ ጋር ተጣብቆ ከኖረ ደብዳቤው ላይ ቡናማ ጥላ ይተዋል፤ ስለዚህ ቁራጩ በጥሩ ወረቀት ላይ ኮፒ ይደረግና ዋናው ለብቻው ይቀመጣል። ለተቀደደ ሰነድ ፕላስተር፣ ለውድ ሰነድ ላሚኔሽን ማድረግ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ነው፤ የፕላስተሩ ማጣበቂያ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ላሚኔሽኑም ወረቀቱን ሳይጎዳ ሊወጣ አይችልም።

ማኅበሩ ከያዛቸው ሰነዶች ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ ሁለት ነውና። በ1857 ሪፐብሊካኖችና ዴሞክራቶች በአንድ አዳራሽ መቀመጥ ስላልቻሉ ለየብቻ ተሰበሰቡ። የጋራ ኮሚቴ አንድ ረቂቅ ቢያወጣም፣ አንዱ ወገን ሌላው በፈረመበት ወረቀት ላይ አልፈርምም አለ። ጽሑፉ በጥድፊያ ሁለት ጊዜ በእጅ ተገለበጠ፤ ሪፐብሊካኖች በነጩ፣ ዴሞክራቶች ሰማያዊነት በሚያጠላው ወረቀት ላይ ፈረሙ። በሁለቱ መካከል በሥርዓተ ነጥብ፣ በሰዋስውና በቃላት ከ300 በላይ ልዩነቶች አሉ። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ታትሞ የወጣውን ቅጂ ብቻ ይዞ "ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ይላል" ማለት የሌለበት ለዚህ ነው፤ የትኛው?

ጋዜጣ ለብቻው ዓለም ነው። ከ1870ዎቹ ወዲህ ጋዜጣ የሚታተምበት ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር በብርሃንና በአየር ይጠቁርና ወረቀቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። መፍትሔው ከመፈርፈሩ በፊት ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የ35 ሚሊ ሜትር ማይክሮፊልም ማንሳት ነበር። በፖሊስተር ላይ የተሠራ የብር ፊልም በአግባቡ ከተያዘ 500 ዓመት እንደሚቆይ ይገመታል። ያ ፊልም ነው ኋላ ስካን ተደርጎ ማንም በነፃ የሚያነበው የድረ ገጽ ስብስብ የሆነው። የመፈለጊያው ችግር ኮምፒውተሩ ያነበበው ጽሑፍ ስህተት የበዛበት መሆኑ ነው። የፊልሙ ጭረት፣ የደበዘዘ ቀለም፣ በማጠፊያው የተዋጠ ዓምድ ቃሉን ያበላሹታል። የጀርመንኛና አንዳንድ የኖርዌይኛ ጋዜጦች የታተሙበት የጎቲክ ፊደል ሲሆን ደግሞ ኤስና ኤፍ ይምታታሉ። ስለዚህ ሙሉ ስም ብቻ ከመፈለግ የአባት ስምን ከመንገድ ወይም ከሥራ ስም ጋር አጣምሮ መሞከር ይሻላል። ያገባች ሴት በስሟ ካልተገኘች በባሏ ስም ትፈለጋለች፤ የዚያ ዘመን ጋዜጦች "ሚስስ" ብለው የባልን ሙሉ ስም ነበር የሚያስከትሉት። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ የግማሹን ሕዝብ ታሪክ "አልተገኘም" ብሎ ያልፋል።

የሕዝብ ቆጠራም እንዲሁ ነው። የ1890 የፌዴራል ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ ተጎድቶ ኋላ እንዲወገድ ተደርጓል። በመላው አሜሪካ የቤተሰብ ታሪክ የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ገደል ይገጥመዋል። ሚኒሶታ ግን ከ1865 እስከ 1905 በየአሥር ዓመቱ የራሷን ቆጠራ ስላካሄደች የ1885ቱና የ1895ቱ ክፍተቱን ይሸፍናሉ። የ1895ቱና የ1905ቱ ቆጠራዎች ሰውየው በግዛቱ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደኖረ ስለሚጠይቁ የመጣበትን ዓመት መልሶ ማስላት ይቻላል።

ከማዕከሉ ካፒቶሉ በእግር ይደረሳል። በ1905 ተሠርቶ በ2017 ጥልቅ እድሳቱ ያለቀለት ነው። ለአገረ ገዥው የእንግዳ መቀበያ ጌጥ የነበረው፣ የዳኮታ መሬት የተወሰደበትን የ1851 ውል የሚያሳየው ትልቅ ሥዕል አሁን ሌላ ክፍል ውስጥ ከማብራሪያ ጋር ተሰቅሏል። ሥዕሉን ሳያጠፉ ቦታውን መለወጣቸው ትክክል ይመስለኛል።

ወደ ፎርት ስኔሊንግ በብሉ ላይን ባቡር ይኬዳል። ምሽጉ የሚኒሶታና የሚሲሲፒ ወንዞች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ ያለ ሲሆን፣ ዳኮታዎች ቦታውን ብዶቴ ብለው እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩታል። በ1820ዎቹ የተሠራው ምሽግ በ1950ዎቹ አውራ ጎዳና ሊያልፍበት ሲል ከመፍረስ ተረፈ፤ መንገዱም ከስሩ በዋሻ እንዲያልፍ ተደረገ። ከዚያ የፈረሰው ሁሉ መልሶ ተገነባ፤ ለግንባታው የተመረጠው ዘመን ግን 1820ዎቹ ነበር። የታሪክ ቅርስ ጥገና ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘመን መርጦ ቤቱን ወደዚያ የሚመልስ ሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ከዓይን ያስወጣል። ነፃነቱን ለማግኘት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1857 የተፈረደበት ድሬድ ስኮትና ሚስቱ ሃሪየት በ1830ዎቹ በባርነት የኖሩት እዚህ ነው። በ1862 በዳኮታዎችና በአሜሪካ መካከል ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወደ 1,600 የሚጠጉ ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ በረዶውን ያሳለፉት ከገደሉ ስር በአጥር ታግተው ነው፤ ከመካከላቸውም ብዙ ሰዎች እዚያው ሞቱ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ መልሶ የተገነባው የድንጋይ ግንብ ከዚህ አንዱንም አያሳይም። በ2022 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከል የ1904 የፈረሰኞች ሰፈር የነበረን ሕንፃ ተጠቅሞ እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧል። ጊዜ ያጠረው ሰው ግንቡን ትቶ ይህንን ይመልከት እላለሁ፤ ቀጥሎም ወደ ወንዙ ይውረድ።

ማንካቶ ከሚኒያፖሊስ በደቡብ ምዕራብ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዲሴምበር 26 ቀን 1862፣ 38 ዳኮታዎች በአንድ መስቀያ በአንድ ጊዜ የተሰቀሉባት ከተማ ናት፤ በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው በሞት ተቀጥቶ አያውቅም። ስማቸው በመታሰቢያው ፓርክ ተጽፏል። ወታደራዊ ኮሚሽኑ 303 ሰዎች እንዲሰቀሉ ፈርዶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከን የ39ኙን ብቻ በማጽናት ስማቸውን በራሱ እጅ ጽፎ ላከ፤ ከዚያም አንዱ ተረፈ። ያ የእጅ ጽሑፍ አሁን በታሪክ ማኅበሩ እጅ ነው። የዳኮታ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተሰሙ የተጻፉ፣ ከጎናቸው የክስ ቁጥር ያለባቸው ናቸው። ከተሰቀሉት አንዱ ቻስካ የሚባል፣ ሞቱ ያልጸደቀ ሰው ነበር። ቻስካ የበኩር ወንድ ልጅ መጠሪያ በመሆኑ ብዙዎች የሚጋሩት ስም ነው፤ ተመሳሳይ ስም ሲጠራ እሱ ወጣ። በዝርዝር ላይ ስም እንዴት እንደሚመዘገብ ተራ የጽሕፈት ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህንን ያስብ።

ስለዚያ ጦርነት ለረጅም ጊዜ የተጻፈው በሰፋሪዎች ምስክርነት ላይ ቆሞ ነበር። የዳኮታ እስረኞች ታስረው ከነበሩበት ከአይዋ ግዛት በቋንቋቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ግን በአንድ ሚሲዮናዊ ወረቀቶች መካከል ተቀምጠው ኖረዋል። ቋንቋውን የሚያውቁ ዳኮታዎች ተርጉመው 50ዎቹን በ2013 አሳትመዋል። ሰነዱ ሁልጊዜም ነበረ፤ የጎደለው አንባቢ ነበር።

ወደ ሚኒያፖሊስ ስመለስ የሄድኩት ሚል ሲቲ ሙዚየም ነው። በ1878 በዱቄት ብናኝ ፍንዳታ 18 ሰዎችን የገደለው ወፍጮ ቤት እንደገና ተሠርቶ እስከ 1965 ሠርቷል፤ በ1991 ተቃጥሎም ሙዚየሙ በ2003 ከፍርስራሹ ውስጥ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ከላይ ካልተከደነ ውሃ ወደ ውስጡ ይወርድና በብርድ ሲረጋ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ለጥገናው የሚውለው ቡኬትም ከድንጋዩ የለሰለሰ የኖራ ቡኬት መሆን አለበት። ጠንካራ ሲሚንቶ እርጥበቱን ስለሚያፍን የሚፈርሰው ድንጋዩ ይሆናል።

የመጨረሻው መድረሻ በግሪን ላይን ባቡር ዌስት ባንክ ጣቢያ ተወርዶ የሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንደርሰን ቤተ መጻሕፍት ነው። መዛግብቱ የሚቀመጡት በሚሲሲፒ ገደል ውስጥ በተፈለፈሉ ሁለት ዋሻዎች ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የሁለት ፉትቦል ሜዳ ርዝመት አላቸው። ሙቀቱ ወደ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ገደማ ሆኖ ይጠበቃል። በሚኒሶታ በበረዶው ወራት ቤት ሲሞቅ አየሩ ክፉኛ ስለሚደርቅ ፎቶ ይጠቀለላል፣ ወረቀት ይሰበራል፤ በበጋ ደግሞ ምድር ቤት ይሻግታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰነድ ከጣሪያ ስርም ከምድር ቤትም ወጥቶ መካከለኛው ፎቅ ላይ፣ የውጭ ግድግዳ በማይነካ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

እዚህ ያለው የስደተኞች ታሪክ ማዕከል የተመሠረተው በ1965 ነው። ከጣቢያው ጥቂት እልፍ ሲሉ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎች ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ሲዳር ሪቨርሳይድ አለ። የእኛ ሰዎች የሚኒሶታ ታሪክ አካል ናቸው፤ ወረቀታችን ግን በየቤቱ ፌስታል ውስጥ ነው። የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግንባታ መዋጮ መዝገብ፣ የበዓል ማስታወቂያ፣ የሱቅ የመጀመሪያ የኪራይ ውል፣ ሁሉም መዝገብ ቤት የሚፈልገው ነገር ነው።

የሽማግሌዎችን ቃል ለመቅዳት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ያለ መቅጃ አንድ ቀን ይጎብኛቸው። በቅጃው ዕለት ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የደረት ማይክ ይሁን፣ ፋይሉ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ፣ ዌቭ በሚባለው ባልታመቀ የድምፅ ፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ አንድ ጊጋባይት ይይዛል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ማስቀመጥ ያደክማቸዋል። የፈቃድ ፊርማ ዕለቱን ካልተወሰደ ኋላ ቤተሰቡ ተበትኖ ፈራሚ ይጠፋል፤ ያልተፈረመበት ቅጂ ደግሞ ለማንም ሊከፈት አይችልም። ስም በግዕዝ ፊደልም፣ በፓስፖርትና በመንጃ ፈቃድ ላይ በተጻፈበት የላቲን አጻጻፍ ሁሉም ይመዝገብ። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስለሚይዙ አንድ ቤተሰብ በካታሎግ ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል፤ ዝምድናው በግልጽ መጻፍ አለበት። ዓመት ሲጠቀስ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዚያው ይጠየቅ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱን በኋላ በግምት መፍታት አይቻልም። የቆየ ወረቀታማ ፎቶ ከጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍበታል። በፕላስቲክ የተለበጠው አዲሱ ግን እርሳስ ስለማይዝ ማስታወሻው በፖስታው ላይ፣ ፎቶው ሳይገባበት በፊት ይጻፍ።

ስጦታው ሲፈረም መዝገብ ቤቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ንብረቱ የማን ነው፣ የማሳተም መብቱ ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም፣ ተዘግቶ የሚቆይ ክፍል አለ ወይ። ለመጨረሻው "ለጊዜው" የሚል መልስ አይሰጥም። በአገር ቤት ዘመድ ላይ ችግር የሚያመጣ ደብዳቤ ካለ ፎልደሩ ተለይቶ የሚከፈትበት ዓመት በቁጥር ይጻፍበት፤ ያን ጊዜ ሳጥኑን የሚከፍተው ሠራተኛ ከፎልደሩ ላይ ካለው ቁጥር በቀር የሚጠይቀው ሰው አይኖረውም።