መውጫ የሌለው ሐይቅና የተቋማት ድርሻ

ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች የጨለለቃን ረግረግ አቋርጠው በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይገቡበታል፤ አብሯቸው የመጣው ደለል፣ የእርሻ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽም እዚያው ይከማቻል። ስለ ዘላቂ ልማት ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ይህ ሐይቅ ነው።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ጀልባዎቹ ሲጠጉ፣ ወጣቶች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በስለታም ቢላ ሲያሰናዱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትርፍራፊውን ሲጠባበቁ ያያል። ከዘንቢሉ መካከል መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ከታየ የመረቡ ዓይን ጠቧል፤ ያ ዓሣ ሳይራባ ተይዟል ማለት ነው። አጥማጁን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እርሱ ቢታቀብ ጎረቤቱ ያጠምደዋል፣ የልጆቹ እራት ግን የዛሬ ጉዳይ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ግን መረብ የሚለካ ባለሙያና አባሉን የሚገሥጽ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ተጠቃሚዎች ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡና አፈጻጸሙን ራሳቸው ሲከታተሉ የጋራ ሀብት ሊጠበቅ ይችላል። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር በሚጨርሱበት በሲዳማ ምድር ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ማጣሪያ የማያቋርጥ ወጪ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ምርቶች ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ እንደሆነው ፋብሪካዎች ገበያ ሲያጡ፣ ይህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ በሕግ መወሰን አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የተፋሰሱ አስተዳደር ነው። ሐይቁ ውሃውን የሚያገኘው ከሲዳማም ከኦሮሚያም መሬት ስለሆነ፣ የሐዋሳ ከተማ ብቻዋን የምታወጣው ደንብ ሻሸመኔ አካባቢ ያለውን ተዳፋት እርሻ አይደርስበትም። ስለዚህ ሁለቱ ክልሎች፣ ገበሬው፣ አጥማጁና ፓርኩ የሚወከሉበት፣ የራሱ በጀት ያለው፣ የውሃውን ጥራት በየወቅቱ ለክቶ ውጤቱን ለሕዝብ የሚያሳውቅና አጥፊን የመቅጣት ሥልጣን የተሰጠው አንድ የጋራ አካል ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ሥራውም የጨለለቃን ወሰን በምልክት ማካለልና የቀረውን ረግረግ ከእርሻና ከግንባታ ማስጠበቅ ሊሆን ይገባል።