የባለሦስት እግር ተሽከርካሪዬን ጣሪያ በፎም እንዴት እንደ ሠራሁት

የድሮው ጣሪያ የ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነበር፤ ለ1.8 ካሬ ሜትር 11 ኪሎ። ባለሦስት እግር ነገር ክብደቱ ላይ ላይ ከሆነ ኩርባ ላይ ያጋድላል፤ የጎንደር ኮብልስቶን ደግሞ የምሰሶዎቹን ብየዳ ይሰነጥቀዋል። አዲሱ ከነቀለሙ 6 ኪሎ ገደማ ነው።

ፎም ስል የፍራሹን ስፖንጅ ሳይሆን ቴሌቪዥን የሚታሸግበትን ጠጣሩን ነጭ ነው። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ ሲጎብጥ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 20 በእንጨት ቅርጽ ላይ አጉብጬ በኢፖክሲ (ከማድረቂያው ጋር ተበጥብጦ በሚጠነክር ሙጫ) አጣበቅሁ። ሲደርቅ ጉብጠቱን ይዞ ቀረ። ማስቲሽ ፎሙን ያሟሟዋል፤ አትሞክሩት። በኢፖክሲ ፈንታ የሚሸጠው ርካሹ ፖሊስተር ሬዚንም ስታይሪን የሚባል ማሟሟያ ስላለበት ይበላዋል።

ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ቆዳው፣ ማለትም ፎሙ ላይ በኢፖክሲ የሚለበሰው የፋይበር ግላስ ጨርቅ ነው፤ የፎሙ ዋና ሥራ ሁለቱን ቆዳዎች አራርቆ መያዝ ነው። ይህን ዘንግቼ መጀመሪያ ከላይ ብቻ አለበስሁት፤ በእጅ ጫን ሲሉት ከታች ተሰነጠቀ። ከዚያ ከላይም ከታችም በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ፋይበር ግላስ ሁለት ሁለት ድርብ፣ አንዱን በ45 ዲግሪ አዙሬ አለበስሁ። ጠርዙን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ማክበብ ግድ ነው፤ ሹል ጠርዝ ላይ ጨርቁ ይነሣና አየር ይይዛል። ኢፖክሲው ለጨርቁ 1.5 ኪሎ፣ ለማጣበቂያና ለፎሙ ቀዳዳዎች 1 ኪሎ ፈጀ። በሚዛን ይለካ፤ በአንድ ጊዜ ከ200 ግራም በላይ አይበጥበጥ፤ ጣሳው ውስጥ ግሎ ያጨሳል።

ብዙ ያባከነኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከተለበሰ፣ ፀሐይ ስትበረታ ፎሙ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ጨርቁን በአረፋ ያነሣዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ይለበስ። የጎንደር ሌሊት ግን ቀዝቃዛ ነውና ማድረቂያው ይዘገያል፤ በክረምትማ ላዩ ላይ ቅባት መሳይ ነገር ያወጣል። እሱን በውኃ ሳታጥቡ ብርጭቆ ወረቀት ብታሳርፉ ቀለሙ አይዝም።

ብሎን በሚገባበት ቦታ ሁሉ ፎሙን ቆርጬ 8 በ8 ሳንቲ ሜትር ኮምፖርሳቶ ተካሁ። አለዚያ ብሎኑ ሲጠብቅ ፎሙ ይጨፈለቅና በሳምንቱ ይላላል።

ስቱኮና የሚረጭ ቀለም የሚነኩት ቆዳው ቀዳዳ እንደሌለው ከታየ በኋላ ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ የገባ ቲነር እንኳ ከሥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ቀለሙ ነጭ ይሁን፤ ጥቁር ጣሪያ በመጋቢት ፀሐይ ኢፖክሲውን ያለሰልሰዋል።