«አዝላለች እኮ!»

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ልብስ ላጥብ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ወረድኩ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ቤዝመንቱም እርጥበት አያጣውም። መብራቱን ሳበራ ከማድረቂያው ሥር አንዲት ሸረሪት ሮጣ ወጣችና ወለሉ መሀል ቀጥ አለች። ግራጫና ቡና ዓይነት ናት፣ ፀጉራም። እግሮቿን ዘርግታ የቡና ሲኒ አፍ ታክላለች።

ልጄ ደረጃው ላይ ሆኖ «ታራንቱላ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ አንስቻለሁ። ያስቆመችኝ እናቴ ናት፤ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና «ቆይ እስቲ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

በስልኬ አነሳሁና ዙም አደረግኩት። ፀጉር የመሰለኝ ሁሉ ፀጉር አልነበረም። ልጆቿ ናቸው! ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የእናታቸውን ጀርባ ጥርቅም አድርገው ይዘዋል።

«ውይ፣ አዝላለች እኮ!» አለች እናቴ። ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ።

ማዘሏ ራሱ ማንነቷን ይናገራል። በእኛ አካባቢ ልጆቿን በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር ትልቅ ሸረሪት ዎልፍ ስፓይደር ናት፤ ተኩላ ሸረሪት እንበላት። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፣ መሬት ለመሬት ሮጣ ነው የምታድነው። ለዚያ ነው በረሮና ፌንጣ ባለበት ቤዝመንት የምትገኘው። ሳውዝ ካሮላይና አንዷን ዝርያ በ2000 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) የግዛቷ ሸረሪት አድርጋ መርጣታለች። ታራንቱላ የምትባለዋ ግዙፍ ፀጉራም ሸረሪት ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ በተፈጥሮ የለችም፤ ልጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው።

ሁልጊዜ አዝላ ስለማትገኝ ዓይኗን ማየት ይጠቅማል። ስምንት ናቸው፣ በሦስት ረድፍ። ከታች አራት ትንንሾች፣ ከእነሱ በላይ ወደ ፊት የሚያፈጡ ሁለት ትልልቆች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ሁለት። ፎቶው ጥሩ ከሆነ እነዚያ ሁለት ትልልቆች ወዲያው ይታያሉ። ከእሷ ጋር የምትምታታው ፊሺንግ ስፓይደር የምትባለዋ ናት። እሷም ትልቅ ናት፣ እሷም ቤዝመንት ትገባለች፣ ግን ዓይኖቿ ትንንሽና ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ናቸው። የእንቁላል ከረጢቷንም በአፏ ይዛ ነው የምትሄደው፣ ተኩላዋ ግን ከኋላዋ አጣብቃ ትጎትተዋለች። ሁለቱም ሰው አይተው ይሸሻሉ እንጂ አያጠቁም። ቢነክሱም ብዙውን ጊዜ ያማል፣ ያብጣል፣ ይተዋል።

እዚህ ያለ የሀገሬ ሰው ቡናማ ሸረሪት ባየ ቁጥር «ብራውን ሪክሉስ ነው» ይላል፤ መርዛማዋን ቡናማ ሸረሪት ማለቱ ነው። እሷ እኮ ዓይኗ ስድስት ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ። እግሯ ላይ ዥንጉርጉር የለም፣ ስትታይም ለስላሳ እንጂ ፀጉራም አይደለችም። አገሯም የአሜሪካ መሀልና ደቡብ ነው። እዚህ በእውነት መጠንቀቅ ያለብን ብላክ ዊዶውን ነው። ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ፣ ሆዷ ሥር ቀይ ምልክት ያላት። የማገዶ ክምር ውስጥና ጋራዥ ጥግ ትደበቃለች። እሷ ነክሳ ጡንቻ መኮማተር ከጀመረ ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ስልክ መስመር 1-800-222-1222 ነው፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ልጅ ሆነን ሰውነታችን ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ «ሸረሪት ሸንታብሽ ነው» እንባል ነበር። አልማዝ ባለጭራንም በዚሁ የሚያሳብብ ሰው አጋጥሞኛል። ሸረሪት የለችበትም። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ጉድፉ ከዳነ በኋላ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ከዓመታት በኋላ ይነሳል። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው። በሸረሪት እያሳበቡ እነዚያን ቀናት ማባከን ያሳዝናል።

ወደ አራሳችን ልመለስ። ያዘለችን ሸረሪት በጫማ ብትመቷት ልጆቿ ወለሉ ላይ ብትንትን ይላሉ፤ ከመቶ ሊበልጡ ይችላሉ። ሰፋ ያለ የእርጎ ዕቃ ቀስ ብዬ ደፋሁባት፣ ከሥሩ የፖስታ ካርቶን አንሸራተትኩና ወደ ጓሮ ወሰድኳት። እናቴ ከኋላዬ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳይወድቁባት» ትለኛለች። አጥሩ ሥር ካለው የቅጠል ክምር ጋ ለቀቅኳት። አንዱ ልጅ ካርቶኑ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እናቴ በሣር ጫፍ አንስታ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ማታ ለልጄ ባትሪውን ዓይኑ አጠገብ ይዞ ሣሩን እንዲያይ አሳየሁት። የተኩላ ሸረሪት ዓይን ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ጠል የመሰሉ አረንጓዴ ነጥቦች እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ አሉ። አስራ አንድ ቆጠረ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ቆማ «የትኛዋ ናት የእኛዋ?» ብላ ጠየቀችው።