በስክሪን ሼር መሐል የወጣው ሰንጠረዥ

የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ጥንካሬ በየሦስት ወሩ የምፈትሸው ጆን ዘ ሪፐር በሚባል፣ የይለፍ ቃልን እየገመተ በሚሰብር ፕሮግራም ነበር፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት ከተርሚናል ላይ። አለቃዬ አንድ ቀን "እኛም ገብቶን እንድናየው በማውስ የሚሠራ ነገር አዘጋጅልን" አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ውጤቱን የማይረዳ ኃላፊ ውሳኔ ሊሰጥበት አይችልም። በፓይተን አንድ መስኮት ሠራሁ። ፋይል መምረጫ፣ "ጀምር" የሚል በተን፣ ከሥሩ ሰንጠረዥ፦ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የፈጀው ጊዜ።

ሊኑክስ ላይ ሃሾቹ፣ ማለትም ወደማይነበብ ኮድ የተቀየሩት የይለፍ ቃሎች፣ ያሉበትን ሻዶው የሚባለውን ፋይል ተራ ተጠቃሚ አያነበውም፣ ሩት የሚባለው ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ መስኮቱን በሙሉ፣ በሩት ሥልጣን በሚያስኬደው ትእዛዝ፣ በሱዶ አስነሳሁት። ያኔ ምንም አልከነከነኝም።

የስብሰባው ቀን ስክሪኔን ሼር አድርጌ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ያለፈውን ሥራ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጌው ስለነበር ገና ሲከፈት ሰንጠረዡ ሞልቶ መጣ። የ11 ሰው ስም፣ ከጎኑ የይለፍ ቃሉ፣ ፊት ለፊት። ሁለቱ እዚያው ስብሰባው ላይ ነበሩ። አንዷ የልጇን ስም ከነተወለደበት ዓመት ነበር የተጠቀመችው። ምንም አላለችም፣ አንገቷን ደፋች። ቶሎ ዘጋሁት፤ ግን ስብሰባው እየተቀዳ ነበር።

ቅጂው ወዲያው ጠፋ፣ 11ዱም የይለፍ ቃላቸውን ቀየሩ። ሰው አንዱን ቃል ለግል ኢሜይሉም ስለሚጠቀምበት ለእያንዳንዳቸው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እዚያም እንዲቀይሩ ለመንኳቸው።

ማታ ኮዴን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጆን የሰበራቸውን ቃላት ፖት በሚባል ፋይል ውስጥ ሳይደብቅ ያስቀምጣል፤ እኔ ደግሞ ለሰንጠረዡ እንዲመቸኝ ብዬ ያንን ፋይል ማንም ሊያነበው የሚችል ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ እገለብጠው ነበር። "ኮፒ" የሚለው በተን ቃሉን ክሊፕቦርድ ላይ ይተወዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የተመረጠውን ፋይል ስም ከትእዛዙ ጋር ገጣጥሜ እንዳለ ለሼል፣ የተጻፈ ትእዛዝ ለሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ማቀበሌ ነው። ለሙከራ አንድ ባዶ ፋይል ፈጠርኩ፣ ስሙ ውስጥ ሴሚኮለን (ሼል ላይ አንዱን ትእዛዝ ከሌላው የሚለይ ምልክት) እና አንድ ትንሽ ትእዛዝ ከተትኩ፣ በመስኮቱ መረጥኩት፣ "ጀምር" አልኩ። ትእዛዙ በሩት ሥልጣን ሠራ። ደነገጥኩ። ተርሚናል ላይ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አያለሁ፤ በተን የሚጫን ሰው ግን ከጀርባው ምን እንደሚሄድ በምን ያውቃል?

አሁን ሩት የሚገባው ሃሾቹን ለማውጣት ብቻ ነው፣ አጭር ስክሪፕት ናት። መስበሩ ከኔትወርክ በተነጠለ ኮምፒውተር ላይ በተራ ተጠቃሚ ይሠራል። የፋይሉ ስም በሼል በኩል አያልፍም። መስኮቱ ባዶውን ይከፈታል፤ "የይለፍ ቃል" የሚለውን ዓምድ አውጥቼ "ተሰብሯል" ወይም "አልተሰበረም" በሚል ተካሁት።

አለቃዬ "ታዲያ ቃሉን ሳላይ ደካማ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አሉኝ። የፈጀውን ጊዜ አሳየኋቸው። 40 ሰከንድ ይላል።


"በቃ፣ ይኼ ይበቃኛል" አሉ።