ዱባይ ማን ይሂድ?

እኛ ቤት የውጭ ጉዞ ሲታሰብ ከምንም በፊት የሚወጣው የተጓዦች ዝርዝር ነው። ቀጥሎ የአበሉ ነገር ይነሳል። ምን ይዘን ሄደን ለማን ልንሸጥ ነው የሚለው ወሬ የሚጀመረው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ነው፣ እሱም ሁሉም እንቅልፍ ካልወሰደው።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ ሰሊጥና ጥራጥሬ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር። ቢሮው ፒያሳ ነው፣ መጋዘኑ አዘዞ። በታክሲ ቅርብ ነው፤ በክብር ግን ሌላ አገር በሉት። ፒያሳ ያለነው ኢሜይል እንጽፋለን፣ ማኪያቶ እንጠጣለን። አዘዞ ያሉት አቧራ ይውጣሉ። እዚያ ጥራት የምትቆጣጠረውን ሴት ሁላችንም «እታለም» ነው የምንላት። ያደገችው መተማ ነው። ሰሊጡን መዳፏ ላይ አሸት አሸት ታደርግና እፍ ብላ ገለባውን ታባርራለች፣ ከዚያ ጥቂት ፍሬ አኝካ «ይኼ ሳይደርቅ ነው የተወቃው» ካለች፣ የእርጥበት መለኪያው ማሽን ቆይቶ የሚለው ያንኑ ነው።

ድርጅቱ ዱባይ የሚካሄደው ገልፉድ ላይ ይሳተፋል። ለማያውቀው፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የምግብና የመጠጥ የንግድ ትርኢት ነው። ከመላው ዓለም ሻጭና ገዢ ይጎርፍበታል። ሰሊጥ የሚፈልግ ሰው እዚያ የሕንዱንም፣ የሱዳኑንም፣ የናይጄሪያውንም፣ የእኛንም በአንድ ቀን ዞሮ ማየት ይችላል። በሌላ አነጋገር ገዢው አማራጭ ሞልቶታል ማለት ነው።

የዚያን ዓመት የሄድነው ባለቤቱ ጋሼ፣ ሂሳብ ክፍል የሚሠራው የሚስቱ ወንድምና እኔ ነን። እኔ የተመረጥኩት እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ ነው። የሚስትየው ወንድም ለምን እንደተመረጠ እስካሁን አልገባኝም፤ ሻንጣው ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ግን ሙሉ እንደነበር አይቻለሁ። በካርቶን ሙሉ ብሮሹር ይዘናል። ሽፋኑ ላይ የፋሲል ግንብ አለ፣ ውስጡም የፋሲል ግንብ አለ። ሰሊጡ ቁጥር በተለጠፈባቸው ትንንሽ ፌስታሎች ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል።

ቢዝነስ ካርድ ስንሰጥ ስንቀበል ዋልን። ጋሼ ካርዶቹን እየቆጠረ ደስ ይለዋል። ካርድ መለዋወጥ ግን ሰላምታ ነው፣ ገበያ አይሆንም። ከኋላው ሰውየው ምን እንደፈለገ፣ ምን ያህል እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚፈልግ ካልጻፍክበት ጎንደር ስትመለስ የማን እንደሆነ እንኳ አታስታውሰውም።

ወደ ማታ ላይ አንድ ዮርዳኖሳዊ መጣ። ጣሂና የሚባለውን የሰሊጥ ቅቤና ከሱ የሚሠራውን ሐላዋ የሚባል ጣፋጭ የሚያመርት ፋብሪካ አለው። ብሮሹሩን ገለል አደረገና ከፌስታሎቹ እየቆነጠረ ነጭ ወረቀት ላይ በተነ። አየ፣ አሸተተ። ከዚያ ጠየቀ። የት የበቀለ ነው? መቼ ታጨደ? መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ? የአምናው ተቀላቅሎበታል? አሲዱ ስንት ነው?

ጋሼ ፈገግ ብሎ «ቤስት ኳሊቲ! ናይንቲ ናይን ፐርሰንት!» አለ።

ሰውየው የጠየቀው ስለ ንጽሕና አልነበረም። ናይንቲ ናይን ማለት አፈሩና ገለባው ተበጥሮ ወጥቷል ማለት ነው። እሱ ያሳሰበው ሌላ ነው። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ሲቆይ፣ ሲሞቅ፣ እርጥበት ሲያገኘው፣ ፍሬው ሲሰበር ስቡ መፍረስ ይጀምራል፣ አሲዱም ከፍ ይላል። ላይ ላዩን ነጭና ቆንጆ ሆኖ ውስጡ የተበላሸ ሰሊጥ አለ። ከዚያ የሚወጣው ጣሂና ምላስ ላይ ይከረክራል። የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ውጭ አገር የሚፈለገውና ከወለጋው በተለየ ለጣሂናና ለዳቦ የሚመረጠው በንጣቱና በጣዕሙ ነው። ጣዕሙ ከሄደ ምን ቀረን?

ደግሞ ጥያቄው ለእኛ ቀላል አይደለም። በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረው ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ ስትገዛ የምታውቀው የሰሊጡን ደረጃና የተረከብክበትን መጋዘን ነው። ማሳውን አታውቀውም። ከገበሬው በቀጥታ የገዛነውም አለ። የትኛው ከየት እንደመጣ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ አዘዞ ነው ያለው።

ጋሼ እኔን አየኝ። እኔ የሚስቱን ወንድም አየሁት። እሱ ብሮሹሩን ገለጠ።

ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ እታለም ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምስሏ መጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። «ምን ይላል ሰውየው?» አለችኝ። ዮርዳኖሳዊ መሆኑንና ስለ ሰሊጡ እየጠየቀ እንደሆነ ነገርኳት። «ዐረብ ነው? በል ስጠው እስቲ» አለች።

ስልኩን ሰጠሁት። እታለም የመተማን ዐረብኛ ለቀቀችው። መተማ ያደገ ሰው ከድንበሩ ማዶ ካለችው የሱዳኗ ገላባት ጋር ሲሸጥ ሲገዛ ነው የኖረው፣ የሱዳን ዐረብኛ አፉን የፈታበት ያህል ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ቁጥራቸውን ያሳያታል፣ እሷ ትመልሳለች። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይቺ ሴትዮ ዐረብኛ ትችላለች እንዴ?» አለኝ። ድርጅቱ ውስጥ ከእኔ የቆየች ሰው ናት! ለካ ጠይቋት አያውቅም።

ምን እንዳለችው ያወቅነው ሰውየው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ነው። አንደኛው የዘንድሮ የመተማ ነው፣ ለአንተ ይሆናል ብላዋለች። ሦስተኛው ግን የአምና ቅይጥ አለበት፣ ለዘይት ጨማቂ ነው የሚሆነው፣ አትውሰደው ብላዋለች። የጋሼ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። ሦስተኛው መጋዘን ውስጥ ብዙ ያለን፣ በጥሩ ዋጋ እንሸኘዋለን ብሎ የቋመጠለት ዕቃ ነበር።

ሰውየው ለሙከራ አንድ ኮንቴነር አዘዘ። ባለ 20 ጫማው፣ 19 ቶን የሚይዘው፣ በ50 ኪሎ ጆንያ ሲሰላ 380 ጆንያ ማለት ነው። የጋሼን ካርድ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። የእታለምን ስልክ ግን ራሱ ስልኩ ላይ መዘገበ።

የዚያን ምሽት ሆቴል ውስጥ የሰማሁትን ባልጽፈው ይሻላል። ጎንደር እንደተመለስን እታለም ፒያሳ ተጠራች። «አንቺ ሴትዮ፣ ገበያዬን ልትዘጊ ነው?» አላት ጋሼ። እሷ ቆማ ነው፣ ተቀመጪ ያላት የለም። «ጋሼ፣ ሰውየው ጣሂና ነው የሚሠራው። ዕቃው ሲደርሰው ይቀምሰዋል። እኔ ባልነግረው ምላሱ ይነግረዋል» አለችው። ጋሼ መልስ አልሰጠም፣ ዝም ብሎ «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ቅይጡን ለዘይት ገዢ በወረደ ዋጋ ሸጥነው፣ አለቀ።

ትእዛዙ ከመጣ በኋላ ያለውንም እሷ ናት የያዘችው። ናሙናውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን አሽጋ ላከችለት፣ ግማሹን አሽጋ እሷ ጋ አስቀመጠች፤ ነገ ክርክር ቢመጣ የሚፈረደው በታሸገው ነው። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። የእኛ ሰሊጥ ጅቡቲ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለበት፣ መኪና ሲቆም ሁሉም ነገር ይቆማል። ክፍያው ደግሞ በኤልሲ ነው፣ ማለትም የገዢው ባንክ ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ እከፍላለሁ ብሎ በሚጽፈው ዋስትና። ኤልሲ ላይ ዕቃው መጫን ያለበት የመጨረሻ ቀን ተጽፏል። ባንክ ሰሊጡን አያይም፣ ወረቀቱን ነው የሚያየው። አንድ ቀን ካለፈ ሰነዱን አልቀበልም ማለት ይችላል፣ ያኔ ዕቃህ ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ አንተ ገዢውን መለመን ትጀምራለህ። ጋሼ «እስቲ እንጠብቅ፣ መንገዱ ሊከፈት ይችላል፣ ምን አስቸኮለን» አለ። እታለም ግን በዚያው ቀን ለሰውየው የድምፅ መልእክት ላከች። ቀኑ ሳያልፍ በፊት ስለሰማ ባንኩ ጋ ሄዶ ኤልሲውን አስተካከለ፣ ቀኑ ተራዘመ። ካለፈ በኋላ ቢሰማ ኖሮ ዋጋ ቀንስ ነበር የሚለን፣ መብቱም ነው።

ኮንቴነሩ ደረሰ። ሰውየው ቀመሰ። ሌላ አዘዘ።

በተከታዩ ጥር ራሱ ጎንደር መጣ። የመጣው ጥምቀት ሰሞን ነው። ሆቴል ማግኘት እንዴት እንዳንከራተተን የጎንደር ሰው ይገባዋል። ጋሼ ፕሮግራም አወጣ፤ ጠዋት ፋሲል ግንብ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ምሳ፣ ከሰዓት የፋሲል መዋኛ። መጋዘኑ በማግስቱ። ሰውየው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲወጣ «አዘዞ የሚባለው የት ነው?» አለ። እዚሁ ነው አልነው። «እንግዲያው መጋዘኑን እንይ» አለ።

መጋዘን ገብቶ ሰሊጡን ከማየቱ በፊት ጣሪያውን አየ። እኔ ምን እየፈለገ እንደሆነ አልገባኝም። ርግብ እየፈለገ ነበር። ጣሂና አይቀቀልም። ሰሊጡ የወፍ ኩስ ከነካው ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋሲ ይከተላል፣ አንዴ ከተገኘበት ጭነቱ በሙሉ ይመለሳል። አውሮፓ የሚሸጥ ፋብሪካ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ርግቦቹም አላሳፈሩትም፣ በጣሪያው ቀዳዳ ገብተው ወራጁ ላይ ተደርድረው ነበር።

እታለም «ወንፊት ሽቦ ግዙልኝ ብዬ ስንቴ ጻፍኩ» አለች፣ በአማርኛ፣ ለእኛ። ጥያቄውን «በጀት የለም» እያለ ሲመልሰው የኖረው ሂሳብ ክፍል ነው። ማለትም ዱባይ አብሮን የሄደው ሰውዬ ነው። ሽቦው በዚያው ሳምንት ተገዛ። ቡናው እዚያው መጋዘን ውስጥ ተፈላ፣ ሰውየው ሦስተኛውን ጠጥቶ ነው የተነሳው፣ ፋሲል ግንብንም በማግስቱ አየ።

ይኼ ማን ይላክ የሚለው ነገር ለጎንደር አዲስ መሆን አልነበረበትም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ወደ ሕንዱ የሙጋል ቤተ መንግሥትና ወደ ባታቪያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ መልእክተኛ ሲልኩ የመረጡት ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ መሳፍንት ጠፍቶ ነው? ሰውየው ባሕሩን የሚያውቅ፣ ገበያውን የሚያውቅ ነጋዴ ነበር። እኛ ደግሞ ብሮሹሩ ላይ የእነሱን ግንብ አትመን የሚስት ወንድም እንልካለን።

ለቀጣዩ ገልፉድ ዝርዝር ሲወጣ እንደተለመደው የሚስትየው ወንድም ስም አለበት። በዚህ መሀል ሰውየው ለእታለም ስሟን ጠቅሶ የግብዣ ደብዳቤ ላከ፣ ፋብሪካውን ከሚያውቁ ሌሎች ገዢዎች ጋር ላስተዋውቃት እፈልጋለሁ ይላል። ጋሼ ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበው። በመጨረሻ የአማቹን ስም ራሱ ሰረዘ፣ ቤቱ ምን እንደተባለ እግዜር ይወቀው።

እምቢ ያለችው እታለም ነበረች። «ዐቢይ ጾም ነው፣ ምን በልቼ ልኖር ነው?» አለች። እዚያ ስንደርስ ግን ጠረጴዛው ሁሉ ሑሙስ ነው። ሽምብራ፣ ጣሂና፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት። የጾም ምግብ! «የኛው ሰሊጥ እኮ ነው» እያለች በላች።

ጠረጴዛችን ጋ ብዙም አልተቀመጠችም። ካርድ የሚሰበስበው ጋሼ ነው። እሷ የሌሎቹን ሻጮች እየዞረች ሰሊጣቸውን በመዳፏ ታሻለች፣ ከሱዳኖቹ ጋር ሻይ ትጠጣለች፣ በቀለም የሚለየው የማበጠሪያ ማሽን ፊት ቆማ ኦፕሬተሩን ታደርቀዋለች። ዮርዳኖሳዊው ከሁለት ወዳጆቹ ጋር አገናኛት፣ አንደኛው ቱርክ ነው። ከቱርኩ ጋር ያወራነው በእኔ እንግሊዝኛ ነው፣ ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው፣ መልሱም የእሷ ነው። እኔ መሀል ቆሜ ማቀበል ብቻ።

ጎንደር ስንመለስ ደመወዟ ተጨመረ። የሥራ መደቧ ግን አልተነካም። የውጭ ገበያ ባለሙያ ትባል ብዬ ለሰው ኃይል ማመልከቻ ጻፍኩ። መደቡ ዲግሪ ይጠይቃል የሚል መልስ መጣ። በቅርቡ ለቱርኩ ጉዞ ቪዛ ስናስሞላ ከድርጅቱ የተጻፈላት ደብዳቤ ላይ «የመጋዘን ሠራተኛ» ነው የሚለው፣ ቆንስላው ደግሞ የመጋዘን ሠራተኛ ለንግድ ስብሰባ ምን ትሠራለች ብሎ ማብራሪያ ጠይቋል። ማብራሪያውን ጋሼ ራሱ ይፈርመው ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለታለሁ፣ ከመደቡ ማመልከቻ ጋር አያይዤ።