ባጠረው ታሪክ ውስጥ የጠፋው «ለምን»

የልጆች የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 8፣ 16፣ 32 ገጽ እየሆነ ስለሚሄድ አታሚዎች መጽሐፉን በዚያው ይሰፍሩታል። የርእሱና የአሳታሚው ገጾች ሲነሡ ለታሪኩ የሚተርፈው 12 ወይም 14 ጊዜ የሚገለጥ ጥንድ ገጽ ነው። ለዐዋቂ የተጻፈ፣ በመቶዎች ገጽ የሚቆጠር ልብ ወለድ እዚህ ውስጥ ሲገባ ብዙ ነገር መቅረቱ ግድ ነው፤ ይህ አያስከፋም። የሚያስከፋው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀረው ምክንያቱ መሆኑ ነው። ድርጊት በቀላሉ ይሣላል፤ ምክንያትን መሣል ግን ያስቸግራል። ልጁም «ከዚያ... ከዚያ... ከዚያ» እየተባለ ክሩ የተበጠሰ ዶቃ ይሰጠዋል።

ዶን ኪሆቴን እንውሰድ። የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንቴስ የዚህን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1605፣ ሁለተኛውን በ1615 አሳተመ። ለልጆች ሲያጥር ሰውየው ከነፋስ ወፍጮዎች ጋር የሚገጥምበት ቦታ አይዘለልም፤ ለሥዕል የተመቸ ነውና። ነገር ግን የፈረሰኛ ጀግኖችን ታሪክ ሌት ተቀን ሲያነብ ኖሮ አእምሮው እንደ ተናወጠ የሚናገረው መግቢያ ከተቆረጠ፣ ልጁ የሚያየው ጦር ይዞ ወፍጮ ላይ የሚጋልብ ሽማግሌ ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ «የጀግኖችን ታሪክ ሲያነብ ሲያነብ፣ ወፍጮዎቹ ግዙፍ ሰዎች መሰሉት።» መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ እናንተ ጨምሩት።

በጉሊቨር ጉዞም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1726 የታተመው መጽሐፍ አራት ጉዞዎች አሉት፤ ልጆች ዘንድ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው የትንንሾቹ ሰዎች አገር ብቻ ነው። እዚያ መሬት ላይ ተጋድሞ የታሰረውን ጉሊቨርን ያየ ልጅ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማሰር ለእሱ ቅጣት ነውና። መልሱ አጭር ነው፦ «ምንም አላጠፋም። በጣም ትልቅ ስለሆነ ፈርተውት ነው።»

ስለዚህ ለልጁ ከማንበባችሁ በፊት መጽሐፉን ለብቻችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ጀግናው ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? እንዴት ተፈታ? ከጽሑፉም ከሥዕሉም መልስ ካላገኛችሁ፣ የጎደለችውን ዓረፍተ ነገር በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ገጹ ላይ ለጥፏት። ወረቀቶቹ ከሦስት ወይም ከአራት ከበለጡ መጽሐፉ በደንብ ያልተሠራ ነውና ሌላ ምረጡ። የጀግናውን ልብስም ተመልከቱ። ትንንሽ ልጆች ሰውን በልብሱና በጸጉሩ ስለሚለዩት፣ ሠዓሊው በየገጹ ልብስ ከቀያየረለት ሌላ ሰው የመጣ ይመስላቸዋል። ለሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጥንድ ገጽ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት መስመር ይመጥናል። ጠቅላላው ንባብ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

በመጀመሪያው ቀን ጽሑፉን ተዉት። መጽሐፉን መካከላችሁ አድርጋችሁ ሥዕሉን ብቻ እየገለጣችሁ እዩ። አዲስ ሥዕል የቀረበለት ልጅ ዐይኑ እስኪጠግብ ድረስ ጆሮው አይሰማም፤ «አያዳምጥም» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ሥዕል እያየ ያለ ልጅ ነው። በሁለተኛው ቀን ከዳር እስከ ዳር ሳታቋርጡ አንብቡ፤ ገጽ ከመግለጣችሁ በፊት ብቻ ትንሽ ዝም በሉ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ተራው የልጁ ነው።

እዚህ ላይ የአዋቂዎች ስሕተት ይበዛል። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» እያሉ መደርደር ታሪኩን ፈተና ያደርገዋል። «ምን ፈልጎ ነው የሄደው?»፣ «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» የሚሉት ይሻላሉ። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝምታው ረጅም ይመስላል፤ ሕፃን ግን ቃል ለመፈለግ ያን ያህል ያስፈልጋታል። «ሸሸ» ብላ ከመለሰች፣ «አዎ፣ ጥላውን አይቶ ስለ ፈራ ሸሸ» ብላችሁ መልሱላት። የተናገረችው ቃል ምክንያቱን ይዞ ተመለሰላት ማለት ነው።

ሌላው የሚጠፋ ነገር ጊዜ ነው። ሮቢንሰን ክሩሶ (እ.ኤ.አ. 1719) መርከቡ ተሰብሮ በቀረበት ደሴት 28 ዓመት ይኖራል፤ በሥዕል መጽሐፍ ግን ይህ አንድ ገጽ የመግለጥ ያህል ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላና ወደ ፊት እየገለጣችሁ ሁለቱን ሥዕሎች አስተያዩ፦ በፊት ጢም አልነበረውም፣ አሁን ደረቱ ላይ ደርሷል፤ በፊት የለበሰው ጨርቅ ነበር፣ አሁን የፍየል ቆዳ ነው። «ጢሙ እስኪረዝም ስንት ጊዜ ፈጀ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ከቁጥሩ ይልቅ ይገባዋል።

ማሳጠር የግድ ማደህየት አይደለም። ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመውን የአሊስን ታሪክ በ1890 ራሱ ለሕፃናት አሳጥሮ ጻፈው፤ ሠዓሊው ጆን ቴኒየል ለመጀመሪያው መጽሐፍ ከሣላቸው ሥዕሎች 20ው ተልቀውና ቀለም ተቀብተው ገቡበት። ደራሲው እዚያ ልጁን በቀጥታ እያነጋገረ «ሥዕሉን እይ» ይላል፤ አንድ ቦታም የገጹን ጥግ እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ ጥጉ ሲነሣ ከአሊስ ፊት የነበረው ድመት የለም፣ አሊስ የምታየው ፈገግታውን ብቻ ነው። ለትንሽ ልጅ መጻፍ ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያስፈራ ገጽ ሲመጣ ታሪኩን በአፋችሁ አትቀይሩ፤ ነገ ሌላ ሰው እንደ ተጻፈው ሲያነበው ልጁ ግራ ይጋባል። ይልቅ መጨረሻውን አስቀድሙለት፦ «ኋላ ላይ ቤቱ ይገባል።» እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በቀን አንብቡት እንጂ ለመኝታ አታቆዩት። ፊቱን ካዞረ እለፉት፤ ራሱ ወደዚያ ገጽ ከተመለሰ ግን አትከልክሉት፣ ፍርሃቱን እየለካ ነውና።

አንዱን መጽሐፍ አራት አምስት ቀን ደጋግሙት። በመሰልቸት ቃል አትዝለሉ፤ ልጁ ያውቅባችኋል። ከባድ ቃል ሁሉ በቀላል ይተካ ማለትም አይገባም፤ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ሦስት አዲስ ቃል ይኑር። «ቀዘፈ» ሲመጣ በክንዳችሁ ቅዘፉና ንባቡን ቀጥሉ። ከዚያ አንድ ቀን ልጁ ሥዕሉን እያየ «ስለ ፈሩት ነው ያሰሩት» ብሎ ራሱ ሲናገር፣ እዚያ ገጽ ላይ የለጠፋችኋትን ወረቀት አንሷት።